«ገባችሁ?» ማለት የተውኩበት ምክንያት

ድሬዳዋ ውስጥ 5ኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ። «ገባችሁ?» ስል «አዎ ቲቸር!» ይላሉ፣ በአንድ ድምፅ። ፈተና ሲመጣ ግን ጉድ ነው። በድሬ ሙቀት፣ ከሰዓት በኋላ፣ «አልገባኝም» ብሎ ክፍለ ጊዜውን የሚያስረዝም ማን አለ?

አሁን ደወሉ ሊደወል 5 ደቂቃ ሲቀረው ብጣሽ ወረቀት አድላለሁ። አንድ ጥያቄ ብቻ። ስም አይጻፍም፣ ማርክም የለውም። ባለፈው 1/2 + 1/3 ሰጠኋቸው። ብዙዎቹ 2/5 ብለው መለሱ። ላዩን ከላይ፣ ታቹን ከታች ደምረው! ለካ ችግሩ እዚህ ነበር።

በማግስቱ አዲስ ትምህርት አልጀመርኩም። ሁለት ዳቦ ይዤ ገባሁ፤ ከአንዱ ግማሽ፣ ከሌላው ሲሶ ቆረጥኩ። «2/5 እኮ ከግማሽ ያንሳል!» አለች አንዷ። እኔ ምንም ሳልል ሌሎቹም መልሳቸውን ማረም ጀመሩ። ዳቦው ወዲያው አለቀ።