የበረሃ ልዑልና ማንም አያዘኝም ባይዋ ሴት፦ እንዲህ ዓይነት የፍቅር ልብወለድ ስትጽፉ እነዚህን ስህተቶች ተዉአቸው

እሱ ሼክ ነው፣ ሀብታም፣ ኮስታራ። እሷ የራሷ ስራ ያላት፣ ማንም አያዘኝም የምትል የውጭ ሴት። መጨረሻው ጋብቻ እንደሆነ ከሽፋኑ ያስታውቃል፣ እሱ ምንም አይደል፣ አንባቢም የሚገዛው ለዛ ነው። እኔን የሚያበሽቀኝ መሀል ላይ የሚሰሩት ስህተቶች ናቸው፣ ደሞ ሁሌም ያው ናቸው።

ትልቁ ጠለፋን ፍቅር ማድረግ ነው። ነገርዬው ከስሩ ነው የመጣው፣ ይሄን ዘውግ ያስነሳው እ.ኤ.አ. በ1919 የወጣው የኢ. ኤም. ሀል «ዘ ሼክ» የሚባል ልብወለድ ውስጥ ሰውዬው እንግሊዛዊቷን አልጄሪያ በረሃ ላይ ጠልፎ ይደፍራታል፣ እሷም ቆይታ ታፈቅረዋለች፣ በ1921 ሩዶልፍ ቫለንቲኖ የሰራበት ፊልም ወጣና ዓለምን አዳረሰ። አሁን አሁን በግላጭ የሚጠልፍ ጀግና ቀንሷል ግን ዘዴው ነው እንጂ የተቀየረው ጠለፋው አልቀረም፣ «ለደህንነትሽ ነው» ብሎ ቤተመንግስት ውስጥ ይዘጋባታል፣ ስልኳን ይወስዳል፣ ፓስፖርቷን ካዝና ውስጥ ይቆልፈዋል፣ ደራሲው ደግሞ እኛ «እንዴት ቢወዳት ነው!» እንድንል ይጠብቃል። ኧረ ባካችሁ! በአማርኛ የምትጽፉ ከሆነ ከአንባቢዎቻችሁ መሀል አረብ አገር ሰርታ ፓስፖርቷን አሰሪዋ የያዘባት ሴት አትጠፋም፣ እሷ ባትሆን እህቷ ወይ ጓደኛዋ። ካፋላ በሚባለው የስፖንሰር አሰራር ቪዛዋ በአሰሪዋ እጅ ነው፣ ፓስፖርት መያዝ ደግሞ እንደ ኳታር ባሉ አገሮች በህግ ተከልክሎም ሲደረግ ኖሯል። ለሷ ያቺ ካዝና ምኗም ሮማንቲክ አይደለም። ስለዚህ እያንዳንዱን ምዕራፍ ስትጨርሱ ነገ ጠዋት ልሂድ ብትል መሄድ ትችላለች ወይ ብላችሁ ጠይቁ፣ ካልቻለች የጻፋችሁት የእስር ታሪክ ነው፣ እሱንም መጻፍ ይቻላል ግን በፍቅር ስም አትሽጡት። መሄድ እየቻለች ስትቀር ነው አንባቢ ልቡ የሚሰቀለው።

ልዑሉን በጓሮ በር ፈረንጅ ማድረግ ደግሞ አለ። የሀል ሼክ መጨረሻ ላይ አባቱ እንግሊዛዊ፣ እናቱ ስፔናዊት ሆነው ቁጭ አሉ፣ ጭራሽ አረብ አይደለም እኮ! ዛሬም እናቱ አውሮፓዊት የሆነች፣ እንግሊዝ የተማረ፣ «እንደ ሌሎቹ አይደለም» የሚባልለት ልዑል ሞልቷል። ሌሎቹ ምን ሆኑ? ከነእናቱ፣ ከነአያቱ፣ ከነሰላቱ ይውደዳት።

ማዕረጉንና አገሩን ማደበላለቅ ሌላው ነው። ሼክ የተባለ ሁሉ ልዑል አይደለም፣ የጎሳ መሪም የሃይማኖት አዋቂም ሼክ ይባላል። ኳታርንና ኩዌትን የሚገዛው አሚር ነው፣ ኦማንን ሱልጣን፣ ሳዑዲን ንጉስ፣ ኢራን ጭራሽ አረብ አይደለችም። የፈጠራ አገር መፍጠር መብታችሁ ነው ግን ግቢውን ከሞሮኮ፣ ሀረሙን (የሴቶቹን መኖሪያ) ከኢስታንቡል፣ ዳንሱን ከግብፅ ለቃቅማችሁ አንድ ቤተመንግስት ውስጥ አታጉሩ። «እስከ 30 ዓመቱ ካላገባ ዙፋኑን ያጣል» የሚለው ፕሎትም ሰልችቶናል፣ ሳዑዲ ውስጥ ከ1953 ጀምሮ ዙፋኑ ከወንድም ወደ ወንድም ሲተላለፍ ነው የኖረው፣ የአጎቶቹን ፉክክር ብትጽፉት ከሰርግ ቀነ ገደቡ አስር እጥፍ ያስጨንቃል።

በረሃው ላይ አልቆይም፦ የአረብ ግመል ሻኛው አንድ ነው፣ የታህሳስና የጥር ሌሊቱ ያንቀጠቅጣል፣ ሳሃራ እንኳን አብዛኛው ድንጋይና ጠጠር ነው፣ የአሸዋ ባህር ከፈለጋችሁ አረቢያ ውስጥ ወዳለው ሩብ አል ኻሊ በረሃ ውሰዷቸው። አሸዋ ማዕበል መሀል መሳሳም ግን ይቅር፣ አፍ የሚሞላው ሌላ ነገር ነው።

ከጠለፋው ቀጥሎ የሚያናድደኝ የልጅቷ ነፃነት ነው። ምዕራፍ አንድ ላይ ሀኪም ነች ኢንጂነር ነች ይባላል፣ ምዕራፍ አምስት ላይ ስራዋ የት እንደገባ አይታወቅም፣ ቀሚስ እየለካች መስኮት ላይ ቆማ እሱን ትጠብቃለች። ነፃ ነኝ ማለቷ፣ እሱን መሳደቧ ምናምን ነፃ አያደርጋትም፣ የራሷ ገንዘብ፣ የራሷ ውሳኔ፣ እሱ የማያውቀው የራሷ ጉዳይ ይኑራት። እውነተኛ ሰው ከፈለጋችሁ ጄን ዲግቢን እዩ፣ በ1807 የተወለደች እንግሊዛዊት ባላባት ነች፣ ከስንት ትዳርና ቅሌት በኋላ ሶሪያ ሄዳ መጅወል አል መዝራብ የሚባል የበደዊን (የበረሃ ዘላን አረቦች) ሼክ አገባች፣ እሱ በ20 ዓመት ገደማ ያንሳታል፣ አረብኛውን ተምራ የዓመቱን ግማሽ ደማስቆ ቤቷ፣ ግማሹን ከሱ ጋር ድንኳን ውስጥ ኖረች፣ በ1881 እዛው ደማስቆ እስክትሞት ድረስ። ይሄን የሚያህል ድፍረት ያላት የልብወለድ ገጸ ባህሪ ጥቂት ነች፣ ጀግኒቷ ከ25 ዓመት በላይ እንድትሆን እንኳን የሚፈሩ ደራሲዎች አሉ።

በመጨረሻ ሰርጉን እንደ ተረት መዝጋት። በእስልምና ጋብቻ ውል ነው፣ ሙሽራው የሚሰጣት ጥሎሽ፣ መህሩ፣ የሙሽሪት የራሷ ንብረት ነው፣ ብዙ ቦታ ደግሞ ስራዬን እቀጥላለሁ፣ እዚህ ከተማ ነው የምኖረው የሚል ቅድመ ሁኔታ ውሉ ላይ ማስገባት ትችላለች። ሳዑዲያዊ ከሆነ የውጭ ሴት ለማግባት የመንግስት ፈቃድም ያስፈልገዋል፣ ልዑልም ሆኖ ወረቀት ሲጠብቅ አስቡት። ሁለቱ ጠረጴዛ ላይ ተፋጠው አንቀጽ በአንቀጽ ሲከራከሩ፣ እናቱ ከጎን ሆና ጣልቃ ስትገባ፣ እሷ እስክሪብቶውን አስቀምጣ «ይሄን አልፈርምም» ስትል... እዚህ ላይ ሁለት ምዕራፍ አውሉ፣ ሰርጉን በአንድ ገጽ ብትጨርሱት ማንም ቅር አይለውም።