የትራንስ አልበም እንዴት ይደመጣል? ከጎሃ ጽዮን እስከ ደጀን

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ሞባይል እጠግናለሁ። ሱቄ ውስጥ ከትራንስ ሌላ ሙዚቃ የለም ማለት ይቻላል፤ ትራንስ ማለት ምቱ እየተደጋገመ የሚሄድ፣ በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሚሠራ የጭፈራ ሙዚቃ ነው። አዲስ ደንበኛ መጀመሪያ «ይሄ ነገር ተበላሽቶ ነው?» ይለኛል። ስክሪኑን ቀይሬ እስክጨርስ ግን እግሩ ወለሉን መምታት ይጀምራል። «ከየት ልጀምር?» ለሚሉኝ የምነግራቸውን እነሆ።

መጀመሪያ ተራውን አስተካክሉ። የመጀመሪያ አልበሜን ኢንተርኔት ቤት ሲዲ ላይ አስገለበጥኩት። ፋይሎቹ በፊደል ተራ ተደርድረው ስለነበር መዝጊያውን መሃል ላይ፣ መክፈቻውን መጨረሻ ላይ እየሰማሁ አራት ዓመት ኖርኩ! እናንተ በትራክ ቁጥር ደርድሩ፤ ሸፍል (ተራውን የሚያቀላቅለውን) አጥፉ። ማጫወቻችሁ ላይ «ጋፕለስ» (ያለ ክፍተት) የሚል ምርጫ ካለ አብሩት። ዲጄ ያያያዘው ሚክስ አልበም ላይ አንዱ ትራክ ሌላው ውስጥ እየገባ ነው የሚሄደው። መሃል ላይ ግማሽ ሰከንድ ዝም ካለ መኪና ጉድጓድ እንደገባ ያህል ያንገጫግጫል።

ከዚያ ጆሮ ማዳመጫ። የስልክ ስፒከር ወፍራሙን ድምፅ አያወጣውም። አንዱ ጆሮ ቀነሰብኝ ብላችሁ አዲስ ከመግዛታችሁ በፊት ወንፊቱን ወደ ታች ይዛችሁ በደረቅ የጥርስ ብሩሽ ጥረጉት። አብዛኛውን ጊዜ የጆሮ ኩክ ነው። (ይህን በነፃ መናገሬ ለሥራዬ ጥሩ አይደለም።)

የትኛውን አልበም? ለጀማሪ የሮበርት ማይልስ «ድሪምላንድ» ይሻላል። የወጣው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። ሰውየው ስዊዘርላንድ የተወለደ ጣሊያናዊ ነበር። ፒያኖው ስለሚቀድም ጆሮ አያስበረግግም። «ችልድረን» የተባለውን ሥራውን የሠራው አባቱ ከዩጎዝላቪያ ይዘው የመጡትን በጦርነት የተጎዱ ሕፃናት ፎቶ አይቶ ነው። ሌላም ምክንያት ነበረው፦ ሌሊቱን ሲጨፍሩ አድረው መኪና የሚነዱ ወጣቶች በአደጋ ያልቁ ስለነበር፣ ከመሄዳቸው በፊት የሚያረጋጋቸው ነገር ፈልጎ ነበር። ቀጥሎ የአርሚን ቫን ብዩረንን «76» ስሙ። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ የመጀመሪያ አልበሙ ነው፤ እሱም የ1976 ልጅ ነው። ዘፈን ካልተዘፈነበት አይሆንልኝም ለሚል ሰው ደግሞ የአባቭ ኤንድ ቢዮንድ «ትራይ ስቴት» አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ።

ዲጄ ቲየስቶን ሳታውቁት ሰምታችሁት ይሆናል። በ1996 ዓ.ም. ነሐሴ፣ የአቴንስ ኦሊምፒክ ሲከፈት አትሌቶቹ ሲገቡ ያጫወተው እሱ ነበር። እኛ የነኃይሌንና የነቀነኒሳን ሩጫ እየጠበቅን ማን ልብ ብሎት!

አሁን ዋናው ነገር፣ መጠበቅ። ሰዓት ይዛችሁ ምቱን ለ15 ሰከንድ ቁጠሩ። 34 ወይም 35 ካገኛችሁ በደቂቃ 138 ገደማ ነው፤ የብዙ ትራንስ ፍጥነት እዚያው ሰፈር ነው። አብዛኛውን ጊዜ በየ32 ምቱ አንድ ነገር ይጨመራል ወይ ይቀነሳል። ከዚያ መሃል ላይ ምቱ ጥርግ ብሎ ይጠፋል። ዜማው ብቻውን ይቀራል፤ ይህን ብሬክዳውን ይሉታል። ጀማሪ እዚህ ጋ ነው «አለቀ» ብሎ ወደሚቀጥለው የሚያልፈው። እንዳታደርጉት። ምቱ ሲመለስ ደስ የሚለው ስለጠፋ ነው። ማመሳሰሌ አይደለም፣ አይቆጡኝ፣ ግን ማኅሌት ቆሞ ያደረ የጎጃም ሰውን ይህን ማስተማር አይከብድም። መጀመሪያ ድምፅ ብቻ፣ ከዚያ መቋሚያው፣ ከበሮውና ጭብጨባው የሚደምቀው በኋላ ነው። ጆሯችን መጠበቅ ያውቃል።

የት ይሰማ? ቤት ውስጥ መብራት ይጠፋል፣ ሰው ይጠራል። እኔ የማውቀው ምርጥ ቦታ ከአዲስ አበባ ስመለስ አውቶቡስ ውስጥ፣ በመስኮት በኩል ነው። መንገዱ ሰላም በሆነ ቀን ከጎሃ ጽዮን ወደ አባይ በረሃ መውረድ ሲጀመር አልበሙን ክፈቱ። ቁልቁለቱና ዳገቱ እስከ ደጀን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አውቶቡሱ እያቃሰተ ስለሚሄድ አንድ አልበም ሊጨርስላችሁ ይችላል። ከቲየስቶ «ኢን ሰርች ኦፍ ሰንራይዝ» ተከታታይ አንዱን እመርጣለሁ፤ ሳይቆራረጥ ይፈሳል። ቀድማችሁ አውርዱት፣ ገደሉ ውስጥ ኔትወርክ ጥሎኝ ያውቃል።

ባለፈው አጠገቤ የተቀመጡ እናት «ምን እየሰማህ ነው እንዲህ የምትነቀንቀው?» አሉኝ። አንዱን ጆሮ ሰጠኋቸው። ድልድዩ ጋ ስንደርስ ምቱ ጠፋ።

«ተበላሸብህ መሰለኝ።»

«ይጠብቁ እማማ፣ ይመለሳል።»

ነጠላቸውን አጣፍተው ጠበቁ። ዳገቱን ጀምረን ምቱ ሲመለስ ሳቅ አሉ። ደጀን እስክንገባ ጆሯቸው ላይ ያለውን አልመለሱልኝም። ሲወርዱ እጄ ላይ አስቀመጡልኝና ጠየቁኝ፦

«ጥሩ ነው ልጄ። ግን ዘፋኙ ምን ሆኖ ቀረ?»