የኦንላይን ሲፒዲ ኮርስ ስታዘጋጁ እነዚህን ስህተቶች ተዉ

የጤና ባለሙያ ፈቃዱን ለማሳደስ የሲፒዲ (ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ ትምህርት) ነጥብ ይፈልጋል። ነጥቡ ስላለ ደግሞ ኮርስ እናዘጋጃለን የሚሉ በዝተዋል። ጎንደር ሆኜ ረቂቆቻቸውን አያለሁ። የሚደጋገመው ነገር አንገሽግሾኛል።

የመጀመሪያው ስላይድ ገልብጦ መጫን ነው። ክፍል ውስጥ የሰጣችሁት የሁለት ሰዓት ሌክቸር ተቀርጾ ሲጫን ኮርስ አይሆንም። የሌክቸር ቪዲዮ ነው። ደባርቅ ዲዩቲ ላይ ያለች ነርስ ያላት አሥር ደቂቃ ነው፣ እሱም በሽተኛ ካልመጣ። ጎንደር እኮ ተማሪዎቿን በቡድን ጤና ጣቢያ እየላከች በማስተማር የታወቀች ከተማ ናት። ኦንላይን ሲሆን ወደ ጥቁር ሰሌዳ የምንመለሰው ለምንድን ነው? አጫጭር፣ ካቆሙበት የሚቀጥሉ ክፍሎች ሥሩ።

“ይረዳሉ”፣ “ያውቃሉ” የሚል ዓላማ አትጻፉ። አይለካም። “የመድኃኒቱን መጠን በክብደት ያሰላሉ” በሉ።

አሁን ወደሚያበሳጨኝ ልምጣ፦ ፖስት ቴስቱ፣ ኮርሱ ሲያልቅ የሚሰጠው ፈተና። ለኮርሱ ወራት ይለፋበትና ፈተናው በመጨረሻው ምሽት ይጻፋል። ያስታውቃል! መልሱ ሁልጊዜ ረጅሙ ምርጫ ነው። አራተኛው ምርጫ “ሁሉም መልስ ነው” ይላል። “ትክክል ያልሆነው የቱ ነው” የሚልም አይጠፋም፤ “ያልሆነው” የምትለዋን ሳያይ የወደቀ ሰው የወደቀው ካላ አዛርን፣ በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፈውን በሽታ፣ ስለማያውቅ አይደለም።

አንድ ረቂቅ ላይ “ካላ አዛርን የምታስተላልፈው ማን ናት?” የሚል ጥያቄ አየሁ። ምርጫዎቹ ትንኝ፣ መዥገር፣ የአሸዋ ዝንብ፣ ሁሉም። ይህን የመለሰ ሰው ነገ ጤና ጣቢያው ሲገባ ምን ይለወጣል? ምንም። በምትኩ ይህን አስቡ። ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ወርዶ የነበረ የ20 ዓመት ወጣት ደጋ ወዳለው ቤቱ ተመልሷል። ሦስት ሳምንት ትኩሳት ይዞታል፣ ከስቷል፣ ጣፊያው አብጧል። የወባ ምርመራው ኔጌቲቭ ነው፤ የወባ መድኃኒት ግን ሁለት ጊዜ ወስዷል። ቀጥሎ ምን ታደርጋላችሁ? የካላ አዛር ፈጣን ምርመራ የሆነውን አርኬ 39 የሚያዝ፣ ምርመራው ከሌለው ደግሞ ወደሚገኝበት ሪፈር የሚጽፍ ሰው ተምሯል። ለሦስተኛ ጊዜ የወባ መድኃኒት የሚያዝ ሰው፣ ያንን የአሸዋ ዝንብ ጥያቄ ቢደፍንም፣ አልተማረም።

ለእያንዳንዱ የተሳሳተ ምርጫ ለምን እንደተሳሳተ ሁለት መስመር ጻፉ። “ተሳስተዋል፣ እንደገና ይሞክሩ” ብቻ ማለት እየገመቱ መሞከርን ማስተማር ነው። ሦስት ጥሩ ምርጫ ይበቃል። “ሁሉም” የሚመጣው አራተኛውን ለመሙላት ስትሉ ነው። ጥያቄዎቹ እየተቀያየሩ ካልወጡ ደግሞ መልሱን በማግስቱ ቴሌግራም ላይ ታገኙታላችሁ። ያኔ ባለሙያውን አትውቀሱ።

እውቅናን መጨረሻ ላይ መጠየቅ ሌላው ነው። ኮርስ የሚሰጠውና ኮርሱን መርምሮ ነጥብ የሚመድበው ኃላፊነታቸው የተለያየ ነው። የማውቀው አንድ ቡድን ቪዲዮውን ሁሉ ቀርጾ ከጨረሰ በኋላ “ዓላማውና ፈተናው አይገናኙም” ተባለ። ግማሹ እንደገና ተቀረጸ። ይዘቱን በጽሑፍ አስገምግሙ፣ ከዚያ ካሜራ አውጡ። ገና ሳይጸድቅ ባነር ላይ “ይህን ያህል ነጥብ ያስገኛል” ብሎ መለጠፍማ ነውር ነው።

ኢንተርኔት ሁልጊዜ አለ ብላችሁም አትነሱ። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። በቪዲዮ ብቻ የተሠራ ኮርስ በእንዲህ ያለ ጊዜ ዋጋ የለውም። ሙድል የተባለው የኦንላይን ማስተማሪያ ሲስተም የስልክ መተግበሪያ ትምህርቱን አውርዶ ያለ ኔትወርክ ያስነብባል፤ ፈተናውንም፣ አስቀድማችሁ ከፈቀዳችሁለት፣ ያለ ኔትወርክ ያሠራና ኔትወርክ ሲመጣ ይልካል። ከቪዲዮው ጎን ጽሑፍና ድምፅ አስቀምጡ።

ሰዓት! “ዓርብ 11:59 ይዘጋል” ተብሎ የተለጠፈ ኮርስ አይቻለሁ። ሲስተሙ እኩለ ሌሊት ሊሆን አንድ ደቂቃ ሲቀረው ማለቱ ነው። ባለሙያው በሀገሩ ሰዓት አንብቦ፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ “አልፎኛል” ብሎ ተወው። “ዓርብ ከሌሊቱ 6 ሰዓት” ብላችሁ ጻፉ።

ስምም እንዲሁ ነው። ሲስተሙ ሁለት ሳጥን ይሰጣል፣ የእኛ ሰው ደግሞ የራሱ፣ የአባቱና የአያቱ ስም አለው። አንዱ የአባቱን፣ ሌላው የአያቱን ይሞላል። ከዚያ ሰርተፍኬቱና ፈቃዱ አልገጥም ብለው ሰውየው ቢሮ ለቢሮ ሲንከራተት ይከርማል። ልክ ፈቃዱ ላይ እንዳለው ጻፍ የሚል ማሳሰቢያ ሳጥኑ ላይ ይኑር።

ፎቶ ላይ ግን አልደራደርም። ፊቱ ላይ ቁንጭር (የአሸዋ ዝንብ የሚያመጣው የቆዳ ቁስል) የወጣበት ልጅ ዓይኑ በጥቁር መስመር ስለተሸፈነ የማይታወቅ ይመስላችኋል? የሰፈሩ ሰው በአፍንጫው ይለየዋል። ለሕክምናው መስማማቱ ፊቱ ኢንተርኔት ላይ እንዲወጣ መስማማቱ አይደለም። ለዚሁ ብቻ የተፈረመ፣ በሚገባው ቋንቋ የተነበበለት ወረቀት ይኑራችሁ፤ ልጅ ከሆነ ደግሞ ወላጁ ይፈርም። ከሌላችሁ ፎቶውን አውጡና ሰዓሊ ፈልጉ።