የአነስተኛ ነጋዴዎችን የገበያ ተስፋ እንዴት መለካት ይቻላል?

ባለሱቅን «ገበያ እንዴት ነው?» ብለው ቢጠይቁት፣ ቢደራም ቢቀዘቅዝም «እግዚአብሔር ይመስገን» ይልዎታል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ስሜትን ትቶ ዕቅድን መጠየቅ ነው፦ በሚመጡት ሦስት ወራት ሠራተኛ ይጨምራሉ? የሚያስገቡት ዕቃ ይበዛል፣ ባለበት ይቆያል ወይስ ይቀንሳል? በአሜሪካ ኤንኤፍአይቢ የተባለው የአነስተኛ ንግድ ባለቤቶች ማኅበር እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ አባላቱን የሚጠይቀው በዚህ መልክ ነው፤ የተስፋ መለኪያውም የሚሰላው ከ10 ጥያቄዎች ነው። ለአንድ ከተማ የነጋዴዎች ማኅበር አምስት ጥያቄ ይበቃል።

ቀጥሎ የሱቆቹን ዝርዝር ያዘጋጁና በዕጣ ይምረጡ። በዋናው መንገድ ዳር ያሉትን ብቻ ከጠየቁ፣ ጓሮ ያለው ልብስ ሰፊና የእህል ነጋዴ ይቀራሉ።

ከሁሉም የሚከብደው እውነተኛ መልስ ማግኘት ነው። ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ ስለ ገቢ የሚጠይቅ ሰው ከግብር ቢሮ የመጣ ይመስላል፤ ነጋዴውም ቢጠራጠር አይፈረድበትም። የብር መጠን ፈጽሞ አይጠይቁ። ስምና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርም አይመዝግቡ፤ ለእያንዳንዱ ሱቅ የራስዎን መለያ ቁጥር ይስጡ። ደንበኛ ሳይበዛ በጠዋት ይሂዱ፤ ተቀጣሪውን ሳይሆን ባለቤቱን ያነጋግሩ።

ስሌቱ ቀላል ነው። ከ40 ነጋዴዎች 18ቱ «ሽያጬ ይጨምራል»፣ 12ቱ «ባለበት ይቆያል»፣ 10ሩ «ይቀንሳል» አሉ እንበል። 45 በመቶ ሲቀነስ 25 በመቶ፣ ውጤቱ +20 ይሆናል። ነገር ግን ከ«ይጨምራል» ወደ «ይቀንሳል» አንድ ሰው ብቻ ቢዛወር ቁጥሩ ወደ +15 ይወርዳል። በ40 ሰው ጥናት የአምስት ነጥብ ለውጥ አይቶ «ገበያው ተናጋ» ማለት ስህተት ነው።

ወቅትንም ያስቡ። ልኳንዳ ቤት በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ቢቀዘቅዝ የተስፋ መቁረጥ ምልክት አይደለም። ጾሙ የሚገባበት ቀን በየዓመቱ ስለሚለዋወጥ «ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወር ጋር» ከማለት «ካለፈው ጾም ጋር ሲነጻጸር» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ዋጋ በሚንርበት ጊዜ ደግሞ በብር ሳይሆን በኪሎና በቁጥር ስለተሸጠው ይጠይቁ፤ ሥጋው ሳይበዛ ብሩ ብቻ ሊበዛ ይችላልና።

በየሦስት ወሩ ተመልሰው እነዚያኑ ሰዎች፣ በእነዚያው ቃላት ይጠይቁ። በዚህ መሐል የተዘጋ ሱቅ ካለ ዝም ብለው አይለፉት። የከሰሩት ከዝርዝሩ ሲወጡ የቀሩት ተስፈኞች ብቻ ስለሚሆኑ ገበያው ሳይሻለው የተሻለው ይመስላል። የተዘጉትን ቁጥር ከውጤቱ ጎን ይጻፉ፤ የውጤቱንም ወረቀት ለመለሱልዎት ነጋዴዎች በመጀመሪያ ያድርሱ።