«ቢሆን ኖሮ» ስንል የምንስታቸው ነገሮች

አዳማ፣ ፍራንኮ አካባቢ ካፌ ተቀምጠናል። ጓደኛዬ ማኪያቶው ላይ ሦስተኛ ማንኪያ ስኳር ጨምሮ እያማሰለ፣ «የ1953ቱ መፈንቅለ መንግሥት ቢሳካ ኖሮ ዛሬ እንደ ደቡብ ኮርያ ነበርን» አለኝ። ጨዋታውን እኔም እወደዋለሁ። የምንሳሳተው ግን ሁሌ እነዚያው ቦታዎች ላይ ነው።

አንደኛው «ቢሳካ ኖሮ» ብሎ መዝለል ነው። እንዴት ተሳካ? መፈንቅለ መንግሥቱን የሞከሩት እነ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ የንጉሡን ጠባቂ ጦር፣ ክብር ዘበኛን ይዘው ነበር። ጦር ሠራዊቱና አየር ኃይሉ ግን ከንጉሡ ጋር ቆሙ። እንግዲያው የሚቀየረው እዚህ ላይ ነው። «ደብረ ዘይት ያለው አየር ኃይል ዝም ቢል» እንበልና ከዚያ ቀን በቀን እንሂድ። ጦሩንም ንጉሡንም አሜሪካንንም አንድ ላይ ከቀየርን ተረት አወራን ማለት ነው።

የኮርያዋ ነገርም እንዲሁ ናት። ኮርያ መሬት ለገበሬ ማከፋፈል የጀመረችው ገና በ1950 (እ.ኤ.አ.) አካባቢ ነው። የእኛው የገጠር መሬት አዋጅ የወጣው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. (በፈረንጅ 1975) ነው። እኛ የሚታየን ፋብሪካዋ ብቻ ነው፤ ከፋብሪካው በፊት የነበረው የመሬት ክፍፍል አይታየንም።

ብዙ ሰው የሚረሳው ደግሞ ገንዘቡን ነው። ያንኑ ስኳር እንውሰድ። የወንጂ ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ኤች ቪ ኤ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ ስለመጣ ነው። ኩባንያው ድሮ ኢንዶኔዥያ ነበር። እሷ ነፃ ስትወጣ ሌላ አገር ማየት ጀመረ። ቆቃ ግድብ ደግሞ የተሠራው ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሳ ነው። «ንጉሡ አምስት ቆቃ ቢሠሩ ኖሮ» የሚል ሰው የአራቱን ሒሳብ ማን እንደሚከፍል ይንገረን። ይህን ስለው ጓደኛዬ ማንኪያውን አስቀመጠ። ከብት አርቢዎቹም አሉ፤ በእኛ ወሬ ሸንኮራው በሰፋ ቁጥር የሚጠበው የእነሱ ግጦሽ ነው። ስማቸውን ግን ማንም አያነሳም።

የዘመን አቆጣጠሩ ጣጣ የራሴ ጉድ ነው። አንዴ የ1973ቱን የነዳጅ ዋጋ ንረት ይዤ ደርግ ላይ ጫንኩትና ሁለት ገጽ ሙሉ ጻፍኩ። ለካ 1973 በፈረንጅ ነው! በእኛ 1966 መሆኑ ነው፤ ንጉሡ ገና ዙፋን ላይ ናቸው። የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች በቤንዚን ዋጋ አድማ የመቱትም በዚያው ዓመት የካቲት ላይ ነው። ሁለቱም ገጽ ቅርጫት ገባ።

ሌላው ቀላል ነው፤ የዚያን ዘመን ሰው የእኛን ዕውቀት አናሸክመው። በ1967 ፋብሪካ የወረሰ የደርግ ሰው ደርግ የሚወድቅበትን 1983ን አስቀድሞ አላየም።

ጓደኛዬ አሁን ተስተካክሏል። በስክሪፕቶ ናፕኪን ላይ እየጻፈ የ1953ቱ ታኅሣሥ 5 ጠዋት ላይ ደርሷል። አየር ኃይሉን ዝም አሰኝቶታል። ንጉሡ ብራዚል ናቸው፤ በምን አሳፍሮ እንደሚመልሳቸው ግን ገና አልወሰነም።