ላፕቶፓችሁ እንደ አውሮፕላን ለሚጮህባችሁ

ፋኑ ስለጮኸ ብቻ ተበላሽቷል ብላችሁ ለማስፈታት አትሩጡ፣ መጀመሪያ ይቺን ሞክሩ። ዊንዶውስ ከሆነ ኮንትሮል ፓነል ግቡና ፓወር ኦፕሽንስ ውስጥ አድቫንስድ የሚለውን ክፈቱ፣ ከዛ ማክሲመም ፕሮሰሰር ስቴት የሚለውን ፈልጋችሁ ከ100 ወደ 99 አውርዱት። አንድ ፐርሰንት ምን ትፈይዳለች እንዳትሉ፣ በብዙ ላፕቶፖች ላይ 99 ሲሆን ቱርቦው ይጠፋል፣ ቱርቦ ማለት ፕሮሰሰሩ ከመደበኛ ፍጥነቱ በላይ የሚሮጥባት ነገር ናት፣ ለዛች ጭማሪ ቮልቴጁም አብሮ ስለሚወጣ ሙቀቱ ከፍጥነቱ በላይ ነው የሚያድገው። የኔው ላፕቶፕ ብራውዘር በከፈትኩ ቁጥር ቩውው ይል ነበር፣ አሁን ፋን መኖሩንም እረሳለሁ።

ጌም ወይም ቪዲዮ ኤዲቲንግ ስትሰሩ ግን መንቀርፈፉን ታዩታላችሁ፣ ያኔ ወደ 100 መልሱት።

ፋኑን ራሱን በሶፍትዌር አፍኖ ዝም ማሰኘት አልወድም፣ ሙቀቱ እዛው ታምቆ ይቀርና ፕሮሰሰሩ 100 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ራሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ሙቀቱን ከምንጩ መቀነስ ነው የሚያዋጣው፣ ምክንያቱም ሙቀቱ ሲቀንስ ፋኑም ዙሩን ይቀንሳል፣ ዙሩ በግማሽ ሲወርድ ደግሞ ጩኸቱ በ15 ዴሲቤል ገደማ ይቀንሳል፣ ይሄ ለጆሮ ትልቅ እፎይታ ነው።

ፍራሽ ላይም አታስቀምጡት፣ የብዙ ላፕቶፖች የአየር ማስገቢያ ከስር ነው። እና አቧራውን በአየር ግፊት ስታራግፉ መጀመሪያ ላፕቶፑን አጥፉት፣ የፋኑን ክንፍ ደግሞ በስቴኪኒ ያዝ አርጉት፣ ዝም ብሎ ከተሽከረከረ ኩሽኔታው ሊበላሽ ይችላል።