ኮሶን በዘር ሲያፈሉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከእንጦጦ ጀርባ፣ ወደ ሱሉልታ በሚወስደው መንገድ አጠገብ ችግኝ ሳፈላ አዘውትሬ የምሰማው ቅሬታ «የኮሶ ዘር ዘርቼ አልበቀለልኝም» የሚለው ነው። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የመሬቱም የውኃውም አይደለም፤ የተዘራው ነገር ከመጀመሪያውም ዘር አልነበረም። ኮሶ የወንዴና የሴቴ አበባውን በተለያዩ ዛፎች ላይ የሚያወጣ በመሆኑ፣ ከወንዴው ዛፍ የተለቀመ አበባ ኩንታል ቢሞላ እንኳ አንዲት ችግኝ አይሰጥም። የሴቴው አበባ ቀላ ያለና ጥቅጥቅ ብሎ የሚንዠረገግ ሲሆን፣ የወንዴው ፈዘዝ ያለ፣ ወደ ብርቱካንማና ወደ ነጭ የሚያደላ ነው።

አንድ ወጣት በማዳበሪያ ከረጢት ሙሉ አበባ ተሸክሞ መጥቶ «ጋሼ፣ ዘር ይዤልዎት መጣሁ» አለኝ። ጥቂቱን በመዳፌ መሐል ሳሸው የቀረው ብናኝ ብቻ ነበር። ከሴቴው ዛፍ የተለቀመ ቢሆን ኖሮ፣ ክንፍ በሚመስሉት የደረቁ የአበባ ቅጠሎች መካከል ጣት የሚዳስሳት ጠንካራ ቅንጣት ትገኝ ነበር። ስንት ቀን እንደ ደከመበት ሲነግረኝ ከልብ አዘንኩለት፤ እኔም በጀማሪነቴ አንድ መደብ ሙሉ የወንዴ አበባ ዘርቼ ከወር በላይ ውኃ አጠጥቻለሁና። ስለዚህ ዛፎቹን በአበባቸው ወቅት ለይታችሁ ምልክት አድርጉባቸው፤ ፍሬው በሚገባ ሳይደርቅም አትልቀሙ።

ይህን የሰሙ አንዳንዶች ደግሞ «ወንዴው አይጠቅምም» ብለው ዛፉን ይቆርጡታል። ነገር ግን ያለ እርሱ የአበባ ብናኝ ሴቴዋ ዘር አትይዝም።

ሴቴው አበባ ለትል መድኃኒትነት ስለሚፈለግ፣ ገና በቀላበት ሁሉም ተቀንጥሶ ሲያልቅ አያለሁ። ከአንድ ዛፍ ላይ ቢያንስ ጥቂት ዘለላ እስኪያፈራ ይተው፤ ኮሶ በወገኑ ውስጥ እኅት ዝርያ የሌለው ብቸኛ ዛፍ በመሆኑ፣ ከጠፋ በምትኩ የምንተክለው የቅርብ ዘመድ የለውም።

ዘሩ ደቃቅ ስለሆነ በጥልቀት አይቀበር፤ ስስ አፈር ይበቃዋል።

ኮሶ የደጋ ዛፍ ነው፤ ለአዳማ ግቢያቸው ችግኝ የሚጠይቁኝን ሌላ ዛፍ እንዲመርጡ እመክራለሁ። ውኃ የሚያቁር ዋልካ መሬትም አይስማማውም።

በባሕር ዛፍ ሥር መትከል ግን እጅግ የሚያሳዝነኝ ስህተት ነው። ኮሶ ብርሃን ፈላጊ ሲሆን፣ ባሕር ዛፉ ብርሃኑንም የአፈሩንም እርጥበት ይሻማዋል፤ በሐምሌ ለምልሞ የተተከለው ችግኝ በጋው ሳያልፍ ሲደርቅ ሰዎች «ኮሶ አስቸጋሪ ነው» ይላሉ። ገላጣ ቦታ ፈልጉለት፤ ከብት እንዳይደርስበትም ከተከላችሁበት ቀን ጀምሮ እጠሩት።